ሲናገር የነበረው ካርድ ለምን ዝም አለ?

ክላስተር ኮምፒዩተሮችን በኔትወርክ ስንጭን ስለሚያጋጥሙ የማስነሻና የድራይቨር ችግሮች

በፊዚክስ ትምህርት ክፍላችን ለሁለተኛ ዲግሪ የምትማር አንዲት ተማሪ ለመመረቂያ ሥራዋ የመረጠችው በፔሮቭስካይት ክሪስታሎች ውስጥ ያሉትን የኤሌክትሮን ኃይል እርከኖች በስሌት ማጥናትን ነበር። ይህ ዓይነቱ ጥናት ውድ የላቦራቶሪ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የስሌት ጉልበት ነው። በአንድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ስንሞክረው አንዱ ስሌት ብቻ ከሳምንት በላይ የሚወስድ ሆኖ አገኘነው። ተማሪዋ የሚያስፈልጓት ስሌቶች ግን ከሠላሳ በላይ ናቸው፤ ጽሑፏን ለፈታኞች ለማቅረብ የቀራትም ጊዜ ሁለት ወር ተኩል ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮቹን በአዲስ ሲተካ ያገለገሉትን አሥራ ሁለት ኮምፒዩተሮች ለትምህርት ክፍላችን ሰጠ። እነዚህን አስተሳስረን ክላስተር ብንሠራ ችግሩ ይቃለላል በማለት «በሦስት ቀን እንጨርሰዋለን» ብለን ለተማሪዋ ቃል ገባን። የፈጀብን ግን ሦስት ሳምንት ነው። ከዚህም ጊዜ አብዛኛው ያለቀው ኮምፒዩተሮቹን በመግጠም ሳይሆን ጥፋት በሌለበት ቦታ ጥፋት በመፈለግ ነበር። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣንም ይኸው ነው። በየዩኒቨርሲቲው ተመሳሳይ ሥራ የሚጀምሩ ባልደረቦችና ተማሪዎች እኛ በተሰናከልንበት ድንጋይ እንዳይሰናከሉ ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ደቦ በኮምፒዩተር

ክላስተር ማለት ብዙ ተራ ኮምፒዩተሮችን በኔትወርክ አገናኝቶ አንድን ትልቅ ስሌት ተከፋፍለው እንዲሠሩ ማድረግ ነው። ገበሬው አጨዳ ሲደርስ ጎረቤቶቹን በደቦ እንደሚጠራ መሆኑ ነው። ደቦውን የሚጠራውን ኮምፒዩተር በዚህ ጽሑፍ «መሪ»፣ የሚጠሩትን ደግሞ «ሠራተኞች» እንላቸዋለን።

ከተራ ኮምፒዩተሮችና ከሊኑክስ ክላስተር የመሥራት ዘዴ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የጠፈር ድርጅት በናሳ የጎዳርድ ማዕከል ከተሠራው «ቤዎልፍ» በኋላ ነው። ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር 486 ዲኤክስ4 የተባለውን ፕሮሰሰር የያዙ 16 ኮምፒዩተሮችን በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ ኤተርኔት አገናኙ። አንዱ የኤተርኔት መስመር ለፕሮሰሰሮቹ ፍጥነት ስላልበቃም ቤከር ከአንድ በላይ መስመሮች ጭነቱን ተከፋፍለው እንዲያስተላልፉ ድራይቨሮቹን እንደ ገና አዘጋጀ። ይህ ሰው በሊኑክስ ተጠቃሚዎች ዘንድ ስሙ የሚነሣው ለበርካታ የኔትወርክ ካርዶች ድራይቨር በመጻፉም ጭምር ነው። ስለዚህ ክላስተር ሲገጥም ድራይቨር ያስቸገረው ሰው ብቸኝነት ሊሰማው አይገባም፤ ነገሩ አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ በዓለም እጅግ ፈጣን ተብለው በሚመዘገቡት 500 ኮምፒዩተሮች ዝርዝር ውስጥ ያሉት በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው።

በኔትወርክ መነሣት

አሥራ ሁለት ኮምፒዩተሮችን በፍላሽ ዲስክ እየዞሩ መጫን አይቻልም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ይቻላል፤ እኛም መጀመሪያ ያሰብነው ይህንኑ ነው። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። አንድ የስሌት ሶፍትዌር በተሻሻለ ቁጥር አሥራ ሁለቱንም ዳግመኛ መዞር ያስፈልጋል። ከጥቂት ዙር በኋላ ኮምፒዩተሮቹ መመሳሰላቸው ይቀራል፤ የተለየ እትም ይዞ የቀረ አንድ ሠራተኛ ደግሞ የአሥራ አንዱን ድካም ከንቱ ያደርጋል። ስለዚህ በክላስተር ሥራ የተለመደው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን በመሪው ላይ አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ ሠራተኞቹ በኔትወርክ እንዲወስዱት ማድረግ ነው። በእኛ አሠራር ሠራተኞቹ በተነሡ ቁጥር ከመሪው የወሰዱትን በሚሞሪያቸው ውስጥ ይዘረጋሉ፤ ሃርድ ዲስካቸው የሚያገለግለው ለጊዜያዊ ፋይሎች ብቻ ነው።

ባዶ የሆነ ኮምፒዩተር በኔትወርክ የሚነሣው እንዴት ነው? ኮምፒዩተሩ ሲበራ መጀመሪያ ሥራ የሚጀምረው በማዘርቦርዱ ላይ የተጻፈው ባዮስ ነው። ባዮሱ በኔትወርክ እንዲነሣ ከታዘዘ ሥራውን በኔትወርክ ካርዱ ሮም ውስጥ ለተቀመጠች ትንሽ ፕሮግራም ያስረክባል። ይህች ፕሮግራም የምትከተለው ደንብ ፒኤክስኢ ይባላል፤ ያዘጋጀው ኢንቴል ሲሆን 2.1 የተባለው እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ፕሮግራሟ የራሷን የአይፒ አድራሻ አታውቅም፤ የመሪውንም አታውቅም። የምታውቀው ከፋብሪካ ሲወጣ ለካርዱ የተሰጠውን የ48 ቢት ቁጥር፣ ማለትም የማክ አድራሻውን ብቻ ነው። ስለዚህ ዲኤችሲፒ በሚባለው ደንብ መሠረት «ቁጥሬ ይህ ነው፤ አድራሻ የሚሰጠኝ ማን ነው?» ብላ በኔትወርኩ ላይ ላለ ሁሉ ትጮኻለች። መሪው ጩኸቱን ሰምቶ የአይፒ አድራሻ፣ የማስነሻ ፋይል ስምና ፋይሉ የሚገኝበትን ሰርቨር አድራሻ ይነግራታል። እርሷም ቲኤፍቲፒ በተባለ እጅግ ቀላል የፋይል ማስተላለፊያ ደንብ ፋይሉን ታወርዳለች። የወረደው የማስነሻ ፕሮግራም በተራው ሁለት ነገሮችን ያወርዳል፤ አንዱ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ሲሆን ሁለተኛው የሊኑክስ ሰዎች ኢኒትራምኤፍኤስ የሚሉት ፋይል ነው። ይህን ሁለተኛውን ፋይል እኛ «ስንቅ» ብለነዋል፤ ከርነሉ ዋናው ጎተራ እስኪደርስ ድረስ በመንገድ ላይ የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮችና ትንንሽ መሣሪያዎች የያዘ ነውና።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም እንዲል እንጠይቃለን፤ የእኛ ስሕተት ግማሹ የተሠራው እዚህች ነጥብ ላይ ነውና። ከርነሉ ሥራ ሲጀምር በሮም ውስጥ ያለችው ፕሮግራም አገልግሎቷ ያበቃል። ሊኑክስ በእርሷ በኩል ከካርዱ ጋር አይነጋገርም፤ የራሱን ድራይቨር ከስንቁ አውጥቶ ካርዱን እንደ አዲስ ያስነሣዋል፤ አድራሻም እንደ አዲስ ይጠይቃል። ካርዱ ያው ካርድ፣ ኬብሉም ያው ኬብል ነው፤ ካርዱን የሚያዘው ፕሮግራም ግን ሌላ ነው። ድራይቨር በእንግሊዝኛው ሾፌር ማለት እንደ መሆኑ፣ መኪናው አጋማሽ መንገድ ላይ ሾፌር ቀየረ ማለት ነው። ሁለተኛው ሾፌር ካልመጣ መኪናው ቢሠራም ይቆማል።

የስክሪኑን መልእክት ማንበብ

በመጀመሪያው ሳምንት ያስቸገረን ከዚያ በፊት ያለው የመንገዱ ክፍል ነበር። የካርዱ ፕሮግራም ሲሳናት በስክሪኑ ላይ ቁጥር ያለው መልእክት ትጽፋለች፤ ይህን ቁጥር ችላ ማለት አይገባም። ፒኤክስኢ-ኢ61 ካለች ካርዱ ከኬብሉ ምልክት አላገኘም ማለት ነው። ፒኤክስኢ-ኢ51 ስትል ጮኻ የመለሰላት የለም። ፒኤክስኢ-ኢ53 ማለት አድራሻ የሰጣት አለ፤ የፋይል ስም ግን አልነገራትም። ፒኤክስኢ-ኢ32 ሲሆን የፋይሉን ስም ታውቃለች፤ ቲኤፍቲፒ ሰርቨሩ ግን አልመለሰላትም፤ ብዙ ጊዜ አገልግሎቱ ሳይነሣ ቀርቶ ወይም የመሪው ፋየርዎል 69ኛውን ፖርት ዘግቶ የሚመጣ ነው። እያንዳንዱ መልእክት ከእርሱ በፊት ያለው መንገድ ደኅና መሆኑን ጭምር ይመሰክራል። ኢ32 እያየ ኬብል የሚቀይር ሰው ጊዜውን ያባክናል።

እኛን ያስቸገረን ኢ53 ነው። ከአሥራ ሁለቱ ሦስቱ ብቻ በዚህ መልእክት እየቆሙ የቀሩት አለፉ። በመሪው ላይ ያለውን የዲኤችሲፒ መዝገብ ደጋግመን አነበብን፤ የፋይሉ ስም በትክክል ተጽፏል። አንድ ቀን ሙሉ ከደከምን በኋላ መልእክቱ ከመምጣቱ በፊት ለቅጽበት የሚታየውን የአይፒ አድራሻ በስልክ ፎቶግራፍ አነሣነው። የእኛ ክላስተር አድራሻዎች በ10.1.1 የሚጀምሩ ሲሆኑ ሦስቱ ኮምፒዩተሮች ያገኙት ግን በ192.168.1 የሚጀምር ነበር። ሌላ ሰው አድራሻ እየሰጣቸው ነው ማለት ነው! ገመዱን ተከትለን ስንሄድ ከጎረቤት ቢሮ ለኢንተርኔት ተብሎ የተተከለ አንድ የዋይፋይ ራውተር ከእኛው ስዊች ጋር ተያይዞ አገኘን። ራውተሩን ስንነቅል ነገሩ የተፈታ መስሎን ተደስተን ነበር፤ ሦስቱ ኮምፒዩተሮች ግን አልተነሡም። መልእክቱ ከኢ53 ወደ ኢ51 ብቻ ተለወጠ።

ይህ ለውጥ ብዙ ይናገራል። ራውተሩ ሲወገድ ለሦስቱ የሚመልስላቸው ጠፋ፤ ስለዚህ መሪው ከመጀመሪያውም አልመለሰላቸውም ነበር ማለት ነው። መሪው የሚመልሰው በመዝገቡ ላይ ላሉ የማክ አድራሻዎች ብቻ እንዲሆን አድርገነው ስለ ነበር መዝገቡን ከኮምፒዩተሮቹ ጀርባ ካለው ጽሑፍ ጋር አመሳከርን። ሦስቱንም የጻፍናቸው በአንድ ምሽት ሲሆን በደከመ ዓይን 8ቱን 6 አድርገናቸዋል። ሁለት ጥፋቶች ተደራርበው አንዱ የሌላውን መልክ ለውጦት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ የማክ አድራሻ በእጅ አንገለብጥም። መሪው ራሱ ጩኸቱን ሲሰማ ቁጥሩን በመዝገብ እንዲያስገባ ማድረግ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከሳን ዲዬጎ የሱፐርኮምፒዩተር ማዕከል የወጣው ሮክስ የተባለ የክላስተር ሶፍትዌር «ኢንሰርት ኤተርስ» በተሰኘ ትእዛዝ ይህንኑ ይሠራ ነበር። ሮክስ በመጨረሻ የተመሠረተበት ሴንትኦኤስ 7 ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2024 ስላበቃ ለአዲስ ሥራ አንመርጠውም፤ ሐሳቡ ግን ወርዉልፍን በመሳሰሉ ሌሎች መሣሪያዎች ውስጥ አለ።

መልእክቱ ግልጽ ባልሆነ ጊዜ የሚረዳው መሪው ላይ ቲሲፒደምፕ የተባለውን ፕሮግራም ከፍቶ 67ኛውንና 69ኛውን ፖርት ማዳመጥ ነው። 67 የዲኤችሲፒ፣ 69 የቲኤፍቲፒ ጥያቄ መቀበያ ነው። ሠራተኛውን አብርቶ መሪው ጩኸቱን መስማት አለመስማቱን ማየት መንገዱን ከሁለት ይከፍለዋል። ከተሰማ ኬብሉና ስዊቹ ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ በመሪው በኩል ነው። ካልተሰማ በመሪው ላይ የሚደረግ ማስተካከያ ሁሉ ዋጋ የለውም።

ስንቁ ውስጥ ያልነበረው

በሁለተኛው ሳምንት አሥራ ሁለቱም ከርነላቸውንና ስንቃቸውን ማውረድ ጀመሩ። ሊኑክስ የተለመዱትን መስመሮች በስክሪኑ ላይ አወረደና የኔትወርክ መሣሪያ አልተገኘም ብሎ ቆመ። ከአንድ ደቂቃ በፊት በዚያው ካርድ በኩል ስልሳ ሜጋባይት ያህል ፋይል ወርዷል። አሁን ካርዱ እንደሌለ ተቆጠረ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያደረግነው ኬብል መቀየር ነበር። ካርዱ ሲያወርድ በዓይናችን እያየን ኬብል የቀየርነው ለምን እንደ ሆነ ዛሬም አይገባንም፤ ምናልባት እጅ ሥራ ሲፈታ የሚያደርገው ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ «ሊኑክስ ለዚህ ካርድ ድራይቨር የለውም» ብለን ደመደምን። ከአምራቹ ድረ ገጽ የድራይቨሩን ምንጭ ጽሑፍ አውርደን በመሪው ላይ አቀናበርን፤ ወደ ስንቁ ጨመርን፤ ሠራተኛውን አስነሣን። ከርነሉ ሞጁሉን «ቅርጹ ትክክል አይደለም» ብሎ መለሰው። የሊኑክስ ድራይቨር የሚቀናበረው ለአንድ የተወሰነ የከርነል እትም ነው፤ እትሙ በትንሹም ቢለያይ ከርነሉ ላይቀበለው ይችላል። መሪው ከጥቂት ቀናት በፊት ሲታደስ አዲስ ከርነል ወስዷል፤ ለሠራተኞቹ የምንልከው ግን የቀድሞው ነበር። ሞጁሉ የተቀናበረው ለመሪው እንጂ ለሠራተኛው አልነበረም። ይህንን ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀብን።

ከዚህ ያወጣን የተማሪዋ ሐሳብ ነው። ሊኑክስ ያለበትን ተራ ፍላሽ ዲስክ አምጥታ በአንዱ ሠራተኛ ላይ ሰካችና በዚያ አስነሣችው። ኔትወርኩ ያለ ምንም ተጨማሪ ድራይቨር ወዲያው ሠራ። ስለዚህ ሊኑክስ ድራይቨሩ አለው፤ የእኛ ስንቅ ብቻ ነው የሌለው። በዚያው በፍላሽ በተነሣው ኮምፒዩተር ላይ ኤልኤስፒሲአይ የተባለውን ትእዛዝ ስንሰጥ የካርዱን መለያ ቁጥሮችና እየተጠቀመበት ያለውን ድራይቨር ስም፣ አር8169 ብሎ ነገረን። (እያንዳንዱ የፒሲአይ መሣሪያ የአምራቹንና የራሱን መለያ ቁጥር ይዞ ይወለዳል፤ ሊኑክስ ድራይቨር የሚመርጠው በእነዚህ ነው። የኢንቴል የአምራችነት ቁጥር 8086 ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1978 ካወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰሩ ስም የተወሰደ መሆኑ ግልጽ ነው።) ከዚያም የስንቁን ይዘት ዘርዝረን ስናይ በውስጡ የነበረው የመሪው ካርድ ድራይቨር ብቻ ሆኖ አገኘነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ስንቁን የሚያዘጋጀው ድራከት የተባለ ፕሮግራም በብዙ የሊኑክስ ሥርጭቶች ላይ ሥራውን ሲሠራ ያለበትን ኮምፒዩተር ይመለከትና ለእርሱ የሚያስፈልገውን ብቻ ያሽጋል። ለአንድ ኮምፒዩተር ይህ ጥሩ ቁጠባ ነው። ለክላስተር ግን ቤት የሚቀረው ሰው ለራሱ የሚስማማውን ስንቅ ቋጥሮ ለመንገደኛው እንደ መስጠት ነው። የመሪው ካርድ የሌላ አምራች ስለ ነበረ የሠራተኞቹ ድራይቨር አልታሸገም። ድራከትን «ለዚህ ኮምፒዩተር ብቻ አታዘጋጅ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል፤ እኛም መጀመሪያ እንዲሁ አደረግንና ካርዱ ተናገረ።

ስንቁ ግን እጅግ ወፈረ፤ ይህም የራሱ ጣጣ አለው። ቲኤፍቲፒ በመሠረታዊ አሠራሩ ፋይሉን በ512 ባይት እየቆራረጠ ይልካል፤ የአንዱ ቁራጭ መድረስ ሳይረጋገጥለት ቀጣዩን አይልክም። ስልሳ ሜጋባይት ማለት 122,880 ቁራጭ ነው። ለእያንዳንዱ ምልልስ አንድ ሚሊሰከንድ ብንሰጠው ሁለት ደቂቃ ያህል ይሆናል፤ አሥራ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲጠይቁ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ከዚህም በላይ የቁራጮቹ መቁጠሪያ 16 ቢት ብቻ ስለ ሆነ ከ65,535 በላይ መቁጠር አይችልም፤ ቁጥሩ ዞሮ እንደ ገና መጀመሩን የማይረዱ የቆዩ ፕሮግራሞች ከ32 ሜጋባይት ገደማ በኋላ ያቋርጣሉ። መፍትሔው የቁራጩን መጠን ማሳደግ ወይም አይፒኤክስኢ የተባለውን የማስነሻ ፕሮግራም ተጠቅሞ ከባዱን ፋይል በኤችቲቲፒ ማውረድ ነው። እኛ ሁለተኛውን መረጥን፤ ስንቁንም ሁሉን አሳሽገን ከመላክ የሚፈለገውን ድራይቨር በስሙ ጠርተን ጨመርንበት። አንዳንድ ካርዶች ከድራይቨሩ ሌላ ፈርምዌር የሚባል ተጨማሪ ፋይል እንደሚሹም መዘንጋት አይገባም፤ ድራይቨሩ ኖሮ ፈርምዌሩ ከስንቁ ከጎደለ ካርዱ እየታየ አይሠራም።

ሠላሳ ሰከንድ

ድራይቨሩ ተገኝቶ ካርዱ ከታወቀ በኋላም ሊኑክስ አድራሻ ጠይቆ መልስ አላገኘም። በመሪው ላይ ስናዳምጥ የካርዱ ፕሮግራም የጮኸችው ተሰምቷል፤ የሊኑክስ ጥያቄ ግን አልተሰማም። ድራይቨሩን እንደ ገና ጠረጠርነው። ሁለት ሌሎች እትሞችን ሞከርን።

ተማሪዋ ስክሪኑን ትታ ስዊቹን ትመለከት ነበር። «መምህር፣ መብራቱን ልብ ብለውታል? ድራይቨሩ ሲነሣ ይጠፋና ብርቱካናማ ሆኖ ይቆያል። አረንጓዴ ሲሆን ኮምፒዩተሩ ተስፋ ቆርጧል» አለችን። በሰዓት ለካነው። ሠላሳ ሰከንድ ነበር።

የፊዚክስ ሰው በሙከራ ሁሉ ውስጥ እጁ ሳይነካው በትክክል ሠላሳ የሚመጣ ቁጥር ሲያይ ሰው የወሰነው መሆኑን ይጠረጥራል። እውነትም የሰው ውሳኔ ነው። ስዊቾች በክብ ከተያያዙ አንድ መልእክት ያለ ማቋረጥ እየዞረ ኔትወርኩን ያጥለቀልቀዋል። ይህን ለመከላከል ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 ስፓኒንግ ትሪ የተባለውን ስልት ፈጠረች፤ ስልቱም ኋላ 802.1ዲ በተባለው ደረጃ ውስጥ ገባ። በዚህ ደንብ መሠረት በስዊቹ ላይ አንድ ፖርት ሕይወት ሲዘራ 15 ሰከንድ ያዳምጣል፤ 15 ሰከንድ ደግሞ አድራሻዎችን ይማራል፤ መልእክት ማስተላለፍ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የፒኤክስኢ ደንብ ካርዱ 4፣ 8፣ 16፣ 32 ሰከንድ እየጠበቀ አራት ጊዜ እንዲጮህ ያዝዛል፤ ድምሩ 60 ስለ ሆነ ከሠላሳው ሰከንድ ያልፋል። ካርዱ አድራሻ ለማግኘት ይዘገይ የነበረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ እኛ ግን ከኮምፒዩተሩ እርጅና ቆጥረነው ነበር። ሊኑክስ ድራይቨሩን ሲጭን ካርዱ ለቅጽበት ይዘጋና እንደ ገና ይከፈታል። ለስዊቹ ይህ አዲስ እንግዳ መምጣት ነው፤ ሠላሳ ሰከንዱን ከዜሮ ይጀምራል። በእኛ ስንቅ ውስጥ የነበረው አድራሻ ጠያቂ ደግሞ ይህን ያህል አይታገሥም።

ግምታችንን ለማረጋገጥ ከቢሮ አንድ ርካሽ ባለ አምስት ፖርት ስዊች አምጥተን በአንዱ ሠራተኛና በትልቁ ስዊች መካከል አስገባን። ትንሹ ስዊች ስፓኒንግ ትሪ አያውቅም። ካርዱ ሲዘጋና ሲከፈት የሚያየው እርሱ ነው፤ ወደ ትልቁ የሚሄደው መስመር አይቋረጥም። ሠራተኛው በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ። ከድራይቨር እትሞች ጋር ስንታገል ከቆየንባቸው ቀናት ይልቅ ይህ የአምስት ደቂቃ ሙከራ ብዙ አስተማረን፤ የለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነበርና።

ዘላቂው መፍትሔ በትልቁ ስዊች ላይ ከሠራተኞቹ ጋር የተያያዙትን ፖርቶች የመጨረሻ ጫፍ ናቸው ብሎ ማስመዝገብ ነው፤ በአንዳንድ ስዊቾች ይህ ፖርትፋስት ይባላል። እንዲህ ሲደረግ ፖርቱ ሳይጠብቅ ያስተላልፋል። ከሌላ ስዊች ጋር በተያያዘ ፖርት ላይ ግን ይህን ማድረግ አደገኛ ነው፤ ፐርልማን የከለከለችው ክብ ዙሪት ሊመለስ ይችላል። የስዊቹ የይለፍ ቃል በእጁ የሌለ ሰው በሊኑክስ በኩል አድራሻ ጠያቂው ረዘም ላለ ጊዜ እንዲታገሥ በማስነሻው መስመር ላይ ማዘዝ ይችላል።

አዲሶቹና አሮጌዎቹ

ከአሥራ ሁለቱ አራቱ ዘመናቸው ቀረብ ያለ ሲሆን ከባዮስ ይልቅ በተተኪው በዩኢኤፍአይ የሚነሡ ነበሩ። የእነዚህ ችግር በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። ለባዮስ የተዘጋጀ የማስነሻ ፋይል ለዩኢኤፍአይ አይሆንም። ሠራተኛው ሲጮህ ዓይነቱን በዲኤችሲፒ 93ኛ መስክ ላይ ያሳውቃል፤ 0 ካለ ባዮስ፣ 7 ካለ የ64 ቢት ዩኢኤፍአይ ነው። መሪው ይህን አይቶ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ፋይል እንዲሰጥ ማዘዝ ይበቃል። ሴክዩር ቡት የተባለው ጥበቃ ከበራ ደግሞ ራሳችን ያቀናበርነው ድራይቨር ፊርማ ስለሌለው ከርነሉ አይቀበለውም።

ስጦታ ኮምፒዩተር የሚቀበሉ ክፍሎች አንድ ነገር አስቀድመው ቢያዩ መልካም ነው። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 10 ኤክስ86-64-ቪ3 የተባለውን የፕሮሰሰር ደረጃ ይጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው ሃስዌል በፊት የተሠሩ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ይህን አያሟሉም። እንዲህ ባለ ኮምፒዩተር ላይ ሥርዓቱ ሳይነሣ ቢቀር ጥፋቱ የድራይቨር አይደለም፤ ወደ ኋላ ያለ እትም ወይም እንደ ዴቢያን ያለ ሌላ ሥርጭት መምረጥ ነው።

መብራት ሲመለስ

የተማሪዋ የመጀመሪያው ስሌት የተጀመረው በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ማታ ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ሁሉም በአንድ ጊዜ በሩ፤ መሪው ግን ሊኑክስን አንሥቶ ዲኤችሲፒና ቲኤፍቲፒን እስኪከፍት ድረስ ጥቂት ደቂቃ ያስፈልገዋል። ሠራተኞቹ ጮኸው መልስ አጥተው ኢ51 ብለው ቆሙ። ስለዚህ በሠራተኞቹ ባዮስ ላይ መብራት ሲመለስ ጠፍተው እንዲቆዩ፣ በመሪው ላይ ግን ራሱ እንዲነሣ አደረግን። መሪው ሥራውን ሲጨርስ ዌክ ኦን ላን በሚባለው የኔትወርክ ምልክት ሠራተኞቹን ሁለት ሁለቱን እየቀሰቀሰ ያስነሣቸዋል። ሁለት ሁለት ያልነው ለቲኤፍቲፒውም ሆነ ለክፍሉ የኤሌክትሪክ መስመር ስለሚቀል ነው።

በሚቀጥለው የመብራት መጥፋት ዘጠኙ በዚህ መልክ ተነሡ። 4ኛውና 7ኛው ግን በራሳቸው ሃርድ ዲስክ ላይ የቀረውን የድሮውን መሥሪያ ቤት ዊንዶውስ ከፍተው አገኘናቸው፤ ቀናቸውም ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ተመልሷል። የባዮስን ትእዛዝና ሰዓት መብራት በሌለበት ጊዜ የምትጠብቀው ሲአር2032 የተባለች የሦስት ቮልት ባትሪ አልቃ ነበር። ባትሪዋ ባለቀች ቁጥር ባዮሱ «በኔትወርክ ተነሣ» የተባለውን ረስቶ ወደ ፋብሪካ ልማዱ ይመለሳል። ያገለገለ ኮምፒዩተር ለክላስተር የሚገጥም ሰው ይህችን ባትሪ ከመጀመሪያው ቀን ቢቀይራት ብዙ ምሽት ይተርፈዋል።

ተማሪዋ ከታሰቡት ስሌቶች ሃያ ስድስቱን አጠናቅቃ በቀጠሮዋ ቀን አቀረበች፤ የቀሩትን ከአማካሪዋ ጋር ተስማምታ ከጽሑፉ አወጣቻቸው። ዛሬ በክላስተሩ ላይ የሚሠሩት ሠራተኞች አሥራ አንድ ናቸው። አሥራ ሁለተኛው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፒኤክስኢ-ኢ61 ማለት ጀመረ፤ ኬብሉንም፣ የስዊቹንም ፖርት፣ የኔትወርክ ካርዱንም ለውጠንለት አልተመለሰም። አሁን በጠረጴዛው ሥር ተቀምጧል፤ ባትሪውን ለ7ኛው ወስደንበታል።